ስለ መዓዛማ ዘይት ምርመራና ስለ ጎተራ እህል

ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና ጠጅ ሳር ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዶች አይደሉም። ባለቤቲቱ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረት የምትጨምረው ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ቅቤው ሳይበላሽ እንዲቆይላት ጭምር ነው፤ ጉንፋን የያዘው ደገኛም ጦስኝ አፍልቶ መጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ በወንዶ ገነት የእርሻ ምርምር ማእከል የእነዚህን የመሰሉ ዕፀዋት ይጠናሉ፤ በየዩኒቨርሲቲውም ዘይታቸው በሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያና ሻጋታ ይከለክል ወይም አይከለክል እንደ ሆነ ይመረመራል።

ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ወረዳ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው «የጦስኝ ዘይት ሻጋታን አጠፋ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ነው። ይህን የሰማ ትጉህ ሹም ገበሬውን ሰብስቦ ጦስኝ በጎተራህ ጨምር፣ የታመመችውንም ላም ጡቷን በዘይቱ ቀባ ብሎ ቢመክር፣ ምክሩ ከበጎ ልብ የመጣ ቢሆንም ጉዳቱ የሚወድቀው በገበሬው እህልና ከብት ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው እንዴት እንደሚደረግና ውጤቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ሹሙ ራሱ ሊያውቅ ይገባል።

በብዙ ስፍራ የሚደረገው እንዲህ ነው። ከባሕር ሣር የሚገኝ አጋር የሚባል ነገር ለጥቃቅኑ ነፍሳት ከሚስማማ ምግብ ጋር ተፈልቶ በብርጭቆ ሳህን ይረጋል፤ በላዩም ባክቴሪያው ወይም ሻጋታው ይዘራበታል። ከዚያ በኋላ ዘይት የጠጣች፣ ስፋቷ 6 ሚሊሜትር የምታህል ክብ ወረቀት በላዩ ትቀመጥና ሳህኑ ሙቀቱ በተለካ ሣጥን ውስጥ ያድራል። ሲነጋ በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት የጠራ ቀለበት ከታየ ዘይቱ ባክቴሪያውን ከልክሏል ይባላል። ሻጋታ ዕድገቱ የዘገየ ስለ ሆነ ብዙ ቀን ይጠበቃል።

ቀለበቱ ለዓይን ደስ ይላል፤ በፎቶግራፍም ያምራል። ይሁን እንጂ ዘይት ከውሃ ጋር አይስማማም፣ አጋሩ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። በዚህ ምክንያት ብርቱው ዘይት በደንብ ሳይሰራጭ ቀርቶ ጠባብ ቀለበት ሊያሳይ፣ ደካማው ግን ስለ ተሰራጨ ብቻ ሰፊ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል። በዚያም ላይ መዓዛማ ዘይት፣ ሽታው ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ተንኖ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ክዳኑ የተገጠመለት ሳህንና ያልተገጠመለት ሳህን እኩል ውጤት አይሰጡም። እንግዲህ ባንዱ ቤተ ሙከራ 20 ሚሊሜትር፣ በሌላው 12 ሚሊሜትር ተገኘ ተብሎ ዘይትን ከዘይት ማበላለጥ፣ አንዱን በቁና ሌላውን በእንቅብ ሰፍሮ እህልን እንደ ማወዳደር ነው።

የሚሻለው መንገድ ዘይቱን ከውሃ በሚያስታርቅ ማሟሚያ በጥብጦ፣ መጠኑን በየደረጃው በግማሽ እየቀነሱ፣ ዕድገቱን የሚያቆመው ትንሹ መጠን የትኛው እንደ ሆነ መፈለግ ነው። በአጠገቡም ማሟሚያው ብቻ ያለበት ዕቃ፣ ኃይሉ የታወቀ መድኃኒት ያለበትም ሌላ ዕቃ ሊኖር የግድ ነው፤ አለዚያ የገደለው ዘይቱ ይሁን ማሟሚያው አይታወቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሐመር፣ ካርሰንና ራይሊ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 52 የዕፀዋት ዘይቶችንና ጭማቂዎችን በ10 ዓይነት ጥቃቅን ነፍሳት ላይ በዚህ መንገድ መርምረው፣ ጠጅ ሳር፣ ኦሬጋኖና ቤይ የሚባለው ዘይት ከመቶ 2 እጅ ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ሁሉንም እንደ ከለከሉ ጽፈዋል። እንዲህ ያለው ቁጥር ለሥራ ይጠቅማል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

የጦስኝ ኃይል ከየት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ካስፓር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1719 ቲሞል የሚባለውን ነገር ከጦስኝ ዘመድ ዘይት ለይቶ አወጣ። ቲሞልና ወንድሙ ካርቫክሮል የባክቴሪያውን ሽፋን ያላላሉ፤ በውስጡ ያለው ነገር ወደ ውጭ ይፈስና ባክቴሪያው ይሞታል። ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች ግን በአብዛኛው ይበልጥ ይቋቋማሉ፤ ይልቁንም ፕስዶሞናስ የሚባለው ለብዙው ዘይት አይበገርም።

ደግሞም ጦስኝ ሁሉ አንድ ጦስኝ አይደለም። ባንዱ ስፍራ የበቀለው ካርቫክሮል ሲበዛበት በሌላው ስፍራ የበቀለው ቲሞል ይበዛበታል፤ በጓሮ የሚተከለው የኮሰረት ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሊናሎል ነው፣ የዱሩ ግን ይለያል። ስለዚህ ከየት እንደ መጣ ያልተጻፈበት ዘይት ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረመር ውጤቱ የማንም አይሆንም።

ከሳህን ወደ ምግብ ሲኬድ ነገሩ ይልቁን ይለወጣል። ስብና ሥጋ ገንቢው ነገር ዘይቱን ይዘው ያስቀሩታል። ሣራ በርት የተባለች ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ባሳተመችው ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ በቤተ ሙከራ የተገኘውን ያህል ውጤት ለማግኘት ስቡ በከፊል በወጣለት ወተት 2 እጥፍ፣ በለስላሳ አይብ ግን ከ25 እስከ 100 እጥፍ ዘይት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን አይብ የሚበላ ሰው አይገኝም። ስለ ላሟም እንደዚሁ ነው፤ ያልተበረዘ ዘይት ጡቷን ያቃጥላል፣ ወተቱም ይሸታል፣ ሐኪም ሳይጠራ የሚያልፈው ቀንም በሽታውን ያጠናክረዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የሻጋታው መርዝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች የአፍላቶክሲን መጠናቸው በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠው 9 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ዋናው ምንጭም ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። መርዙ በሻጋታው አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሻጋታው ቢሞትም በእህሉ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ የሻገተውን በቆሎ ጦስኝ አጥኖ ሽታውን ያሳመረ ሰው፣ እህሉን አላዳነም፤ መርዙን ሸፍኖ ለልጆቹ አቀረበ እንጂ። ደኅና ያልሆነውን እህል የሚያስታውቀው አንዱ ምልክት መጥፎ ሽታው ስለ ነበረ፣ ይህ ጉዳት እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም።

ስለ ብዛቱም ይታሰብ። ለምሳሌ ከሺህ 1 እጅ ዘይት እህልን ይጠብቃል ቢባል፣ ለአንድ ኩንታል እህል 100 ግራም ያስፈልጋል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ጦስኝ 1 ኪሎ ዘይት ቢወጣ፣ ለዚያ ኩንታል 10 ኪሎ ደረቅ ጦስኝ ሊታጨድ ነው። 15 ኩንታል ያለው ገበሬ 150 ኪሎ፣ 200 ቤት ያለባት ቀበሌ 300 ኩንታል ጦስኝ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሁሉ የሚነቀለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ከሚበቅል ዕፅ ነው፤ ችኩል ሰው ደግሞ የሚነቅለው ከነሥሩ ነው። በቆሎን ግን እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ገደማ እስኪደርስ በፀሐይ ማድረቅ ለገበሬው ከጥቂት ቀን ድካም በቀር ወጪ የለውም፤ ሻጋታንም ገና ሳይጀምር ያስቀረዋል።

ይህ ሲባል ዘይቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እንፋሎቱ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ኃይለኛ ስለ ሆነ፣ ለጥቂት የተመረጠ ዘር፣ ይልቁንም ለአትክልት ዘር፣ ተስፋ የሚጣልበት ነው። በዚያም ቢሆን ሻጋታው ሞተ ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ቲሞልን የመሰለ ነገር ዘርን ከመብቀል ሊከለክል ስለሚችል፣ የታጠነው 100 ፍሬ ካልታጠነው 100 ፍሬ ጎን ተዘርቶ የበቀለው ሊቆጠር ይገባል። ይህን ያህል ሥራ ማንኛውም የወረዳ ችግኝ ጣቢያ ሊሠራው ይችላል፤ ቤተ ሙከራም አያስፈልገውም። ለሽያጭ የሚቀርበውን ግን በ2002 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ስለ ደነገገ፣ በገበያ ቀን በብልቃጥ እየቀዳ «የጎተራ መድኃኒት» የሚለውን ነጋዴ ሹሙ ዕፅ ነውና ምን ይጎዳል ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

የወረዳው ዋና ድርሻ ናሙናው ላይ ነው። ለምርመራ ጦስኝ ወይም ኮሰረት ሲላክ የቦታው ስም፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የታጨደበት ቀን፣ አበባ ይዞ እንደ ነበረና እንዳልነበረ፣ የጓሮ ይሁን የዱር፣ ሰዎችም በዚያ አገር ምን ብለው እንደሚጠሩት ተጽፎ ከውስጡ ይግባ፤ ከነአበባው በወረቀት መካከል የደረቀ አንድ ቅርንጫፍም ይጨመርበት። ማጨዱ በማጭድ ሆኖ ሥሩ ይቅር። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ይላክ፤ እርጥብ ሆኖ በፌስታል ታፍኖ የተላከ ጦስኝ ቤተ ሙከራው ሳይደርስ በመንገድ ይሻግታልና።