ምንጣፍ አጣቢው የትኛውን መኪና ይግዛ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ወደ ቢሯችን መጥቶ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ንገሩኝ፤ የምንጣፍ እጥበት ሥራ ልጀምር ነው፤ ምን ዐይነት ቫኪዩም ልግዛ?» ሲል ጠየቀን። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ በትምህርት ቤትም ስለ ዋጋና ስለ ፍላጎት ብዙ ተማርን እንጂ ስለ ቫኪዩም ያስተማረን የለም። ነገር ግን ጥያቄው ሲቀርብልን ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ ይህን ትምህርት በገዛ ገንዘባችን ገዝተነዋልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ተመረቅን ሥራ እስኪገኝ ድረስ ከሁለት የክፍል ጓደኞቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን ምንጣፍ ማጠብ ጀመርን። የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ከአሜሪካ ሲመጡ አንድ የሚያምር፥ ቆመው የሚገፉት ቫኪዩም ይዘውልን መጡ፤ ዋጋውንም ከፈልን። በመጀመሪያው ቀን በአንዲት እናት ሳሎን ውስጥ ልንሰካው ስንል ስፒናው አልገባ አለ። ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ሲገባ አስማሚ ፈልገን አስገባነው። መኪናው እንደ አውሮፕላን ጮኸ፤ ለጥቂት ጊዜም እንደ ጉድ ሠራ፤ ከዚያ ሽታው መጣ፤ ጢሱም ተከተለ። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፥ የእኛ ግን 220 ቮልት መሆኑን ሦስት ምሩቃን ተሰብስበን አላሰብነውም ነበር። እመቤቲቱ «አይዟችሁ ልጆቼ» ብለው ቡና አፈሉልን፤ ምንጣፉን ግን ያን ቀን ግቢ አውጥተን በዱላ ስንደበድብ ዋልን።

እንግዲህ ለወዳጃችን የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፤ ከመኪናው ስም በፊት ከበስተኋላው የተጻፈውን ቮልት አንብብ። «ትራንስፎርመር እገዛለሁ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን 12 አምፔር የሚስብ የአሜሪካ መኪና ከ1,400 ዋት በላይ ይፈልጋልና ይህን የሚችል ትራንስፎርመር ራሱ ከባድ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት ለሚዞር ሠራተኛ ሸክም ነው።

ምንጣፍ ለማጠብ ቫኪዩም ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። ውሃና ሳሙና ካለ ይበቃል ይላሉ። እኛ እንደ ተረዳነው ግን ምንጣፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ አሸዋና አቧራ ነው። ይህ ሳይወጣ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውም ወደ ሥሩ ይወርዳል። በጫማ በተረገጠ ቍጥርም የአሸዋው ስለት ክሩን እየፈገፈገ ይበላዋል። ስለዚህ የአጣቢው ሥራ ግማሹ ውሃ ከመነካቱ በፊት ያልቃል። ለዚህም ተመራጩ ቆመው የሚገፉት ዐይነት ነው፤ ከግርጌው የሚሽከረከር ብሩሽ ስላለው ክሩን እየመታ አሸዋውን ያነሣል፤ መሬት ለመሬት የሚጎተተውና ብሩሽ የሌለው ግን የላይ የላዩን ብቻ ይስባል።

ይህን ዐይነት መኪና የፈጠረው ሰው ታሪክ ደስ ስለሚለን እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። (ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 ዓ.ም. የሠራው ቫኪዩም በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ የሚያህል ነበር። ቆሞ የሚገፋውን ያሰበው ግን በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ሀገር፥ ካንተን በተባለች ከተማ የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ የነበረው ጄምስ መሪ ስፓንግለር ነው። የአስም ሕመምተኛ ስለ ነበር በመጥረጊያ የሚያስነሣው አቧራ ደረቱን ያስጨንቀው ነበር። በ1907 ዓ.ም. የማራገቢያ ሞተር፥ የትራስ ልብስና የመጥረጊያ እጀታ አገናኝቶ መኪናውን ሠራ፤ በ1908 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በኋላም መብቱን ለሁቨር ቤተ ሰብ ሸጠው፤ ስሙን ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ የሁቨርን ስም ግን የማያውቅ የለም። አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ይህ መኪና የተፈለሰፈው ምንጣፍ እንዲያምር ብቻ ሳይሆን የጠራጊው ሳንባ እንዲድን ነበር።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ለሙያ ሥራ የሚሸጡት ቁም ቫኪዩሞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ባለ አንድ ሞተሩ ነው፤ በአሜሪካ ሕንጻ ጠራጊዎች ዘንድ የታወቀው ቀዩ ሳኒቴር የዚህ ወገን ነው። ነፋሱና ቆሻሻው አብረው በማራገቢያው በኩል አልፈው ወደ ከረጢቱ ይገባሉ። መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ጉልበቱ ብርቱ ነው፤ አሠራሩም ቀላል በመሆኑ ቺንጋው ሲበጠስ ማንም ይቀይረዋል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ነገር ግን ሳንቲም ወይም ምስማር ከገባ ማራገቢያውን ይሰብረዋል። ከረጢቱ ጨርቅ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከፊት የሳበውን ረቂቅ አቧራ ከኋላ መልሶ ይነፋዋል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ሞተሩ ነው፤ አንደኛው ሞተር ይስባል፥ ሁለተኛው ብሩሹን ያሽከረክራል። የጀርመኑ ሴቦ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ነፋሱ ወደ ማራገቢያው የሚደርሰው በወረቀት ከረጢትና በፊልትሮ ከተጣራ በኋላ ነው። ብሩሹን ጨርቅ ቢይዘው ሞተሩ ሳይቃጠል ይቆማል፤ ብሩሹ ሲያልቅም ያለ መፍቻ ይወጣል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ክብደቱም እንዲሁ። እንደ ኦሬክ ያሉ፥ ከአራት ኪሎ በታች የሚመዝኑ፥ ለሆቴል ክፍል የተሰናዱ ቀላል መኪናዎችም አሉ፤ በቀን ብዙ ክፍል ለምታጸዳ ሴት ወገቧን ያድኑላታል፤ ለእጥበት ለሚዘጋጅ የቆሸሸ ምንጣፍ ግን አንመርጣቸውም።

ከረጢት አልባዎቹስ? እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን 5,127 የሙከራ መኪናዎች ከሠራ በኋላ በ1993 ዓ.ም. በአገሩ ገበያ ያወጣው ዐይነት ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ለቤት ይሁን። በቀን አምስትና ስድስት ምንጣፍ ለሚያጸዳ ሰው ግን የሰበሰበውን አቧራ በየሰዓቱ በገዛ ፊቱ ላይ መዘርገፍ ማለት ነው። የስፓንግለር ደረት እንደገና ይታመም እንደማለት ነው።

በሱቅ ውስጥ ሻጩ ሁልጊዜ የሚያነሣው ዋትን ነው፤ «ይህ 2,000፥ ያ 2,400» ይላል። ዋት መኪናው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚያወጣውን አሸዋ አይናገርም። የአውሮጳ ኅብረት በ2014 ዓ.ም. ቫኪዩም ከ1,600 ዋት፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ900 ዋት እንዳይበልጥ ሲደነግግ ምንጣፎቹ ቆሽሸው አልቀሩም። በመኪናው ላይ የሚለጠፈውም ምልክት ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በዳይሰን ክስ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ቍጠባ ምልክቱን ደንብ የሻረው፥ ፈተናው በባዶ ከረጢት የሚደረግ በመሆኑ ነበር። በባዶ ከረጢት ማን ይጠርጋል? በዚህ ረገድ በአሜሪካ ያለው የምንጣፍ ኢንስቲትዩት ይሻላል፤ መኪናው ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚያወጣ፥ አቧራውን ምን ያህል እንደሚይዝና ምንጣፉን እንደማይጎዳ መርምሮ የነሐስ፥ የብርና የወርቅ ደረጃ ይሰጣል።

በበኩላችን ፍርዳችን ግልጥ ነው፤ እጥበትን እንጀራዬ ብሎ የያዘ ሰው ባለ ሁለት ሞተሩን፥ ባለ ከረጢቱን ይግዛ። ገንዘቡ ካልደረሰ ባለ አንድ ሞተሩን ይውሰድ፤ ከረጢቱ ግን የወረቀት ይሁን።

አንድ የጽዳት ድርጅት ያለው ሰው ይህን ስንነግረው «ለሠራተኞቼ ጭምብል እሰጣለሁ፤ ይበቃል» አለን። አይበቃም። አቧራው ሠራተኛዋ ከሄደች በኋላም በክፍሉ ይንሳፈፋል፤ በማግስቱ በጠረጴዛው ላይ ይገኛል፤ እርሷም ያንኑ እንደገና ትጠርጋለች። በአንድ ሕንጻ አብረናቸው የሠራናቸው እናቶች ማታ ማታ በሳል ሲጨነቁ አይተናል፤ መኪናቸው ከጨርቅ ከረጢቱ ጎን ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ ነበር። የከረጢት ዋጋ ከሕክምና ዋጋ ያንሳል ብለን ሒሳብ ብንሠራለት ባለ ድርጅቱ ዝም አለ። ማጣሪያው 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚያስቀር ሄፓ የተባለው ቢሆንማ እንዴት በተሻለ!

ሌላም ነገር አለ፤ መኪናው መልካም ሆኖ እጁ ክፉ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ መግፋት፥ ከዚያም ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ የሚሮጥበት ሰው ኤሌክትሪኩን ብቻ ያባክናል። በእጅ የተሠራ የሱፍ ስጋጃ ሲያጋጥም ብሩሹን ከፍ ማድረግ፥ ዘርፉን ደግሞ ጨርሶ አለማስነካት ይገባል፤ ብሩሹ ዘርፉን ከጠቀለለው ባለቤቱ የሚከፍሉን ቀርቶ የሚያስከፍሉን ይሆናል።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን። «ቺንጋውና ከረጢቱ መርካቶ ይገኛል?» አለ። እኛ ከሁሉ በፊት ማንሣት የነበረብን ጥያቄ ይህ ነበር። መለዋወጫው ከሌለ የወርቅ ደረጃ ያገኘውም መኪና በሦስት ወር ውስጥ የግድግዳ ማስጠጊያ ነው። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቅዳሜ አብረነው ወጥተን ሱቅ ለሱቅ ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል።