ሦስት ልጅ ያለው ቤት ስንት ይክፈል?

ኖርዌይ ውስጥ ጫካ ለመግባት ማንም አይከፍልም። መሬቱ የማንም ይሁን፣ ያልታረሰውን ምድር በእግር ማቋረጥ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሕግ የተረጋገጠ የሁሉም መብት ነው። ስለዚህ ኦሪየንቴሪንግ፣ ማለትም ካርታና ኮምፓስ ይዘው በጫካ ውስጥ የተሰቀሉ ነጭና ብርቱካናማ ምልክቶችን በተራ እየፈለጉ የሚሮጡት ውድድር፣ ገንዘብ ለሌለው ቤት ልጅ ከሁሉም የተመቸ ስፖርት መሆን ነበረበት። ስታዲየም አይፈልግም፣ በየዓመቱ የሚለወጥ ውድ መሣሪያም የለውም። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደውም እዚሁ ኦስሎ አጠገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1897።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ውድድሮች ላይ የእኛን ልጆች ብዙ አላይም። አንዱ ምክንያት ስጋት ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅን ብቻውን ጫካ ውስጥ መልቀቅ ለወላጅ ይከብዳል። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። ዛሬ የማነሣው የመግቢያ ክፍያውን ነው።

ክለቦቹ ትርፍ ፈልገው አይደለም የሚያስከፍሉት። አብዛኛው ሥራ ዱግናድ በሚሉት የደቦ ልማድ ያለ ደመወዝ ይሠራል። ወጪው ሌላ ቦታ ነው። ካርታ አለ፤ አንድ ባለሙያ እያንዳንዱን ትልቅ ድንጋይ፣ ረግረግና ገደል በእግሩ እየዞረ የሚሥለው፣ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር የሚታረም ካርታ። የሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ አለ፣ የመጸዳጃ ቤት ኪራይ አለ። ይህ ወጪ ሃያ ልጅ ቢመጣም ሁለት መቶ ቢመጣም ያው ነው። አንድ ልጅ ሲጨመር በእርግጥ የሚጨመረው የአንድ ካርታ ማተሚያና ጥቂት ሳንቲም ነው። ትንንሽ ውድድሮች የሚወደዱትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያው ወጪ ለጥቂት ሰው ይካፈላል።

ለስሌት ያህል ቁጥር ልያዝ። ቋሚው ወጪ 6,000 ክሮነር ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚጨመረው ደግሞ 20። አርባ ልጆች ብቻ የሚሮጡበት ውድድር ከሆነ የአንዱ ድርሻ 170 ክሮነር ይመጣል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ካርታ፣ ስልሳ አዋቂዎችም ቢሮጡና ወጪው ለሁሉም እኩል ቢካፈል 80 ይሆናል። ግን ሦስት ልጆች ላሉት ቤት ይህም 240 ነው። ሰዓት የሚይዘውን ቺፕ በ30 ክሮነር ይከራዩ ከተባለ 330 ይደርሳል። ለአንድ ጠዋት ሩጫ።

እኔ የምለው፣ ልጅ የሚያስከትለውን ወጪና ትንሽ ጭማሪ ይክፈል፤ ከላይ ባለው ስሌት 30 ክሮነር ይበቃል። የቀረውን አዋቂው ይሸከም። የአዋቂው ድርሻ ከ80 ወደ 113 ገደማ ይወጣል፣ የሦስቱ ልጆች ቤት ግን በ90 ክሮነር ይጨርሳል። አዋቂው ይሸሻል የሚሉኝ አሉ። ለሠላሳ ሦስት ክሮነር ብሎ ውድድሩን የሚተው ሯጭ ብዙ ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ነገ ካርታውን የሚሥለውና ምልክቱን ተሸክሞ ጫካ የሚገባው ዛሬ በአሥር ዓመቱ የሚሮጠው ልጅ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። በነፃ ይሁን እንኳ አልልም። ትንሽ የከፈለ ሰው ይመጣል፤ ለማይመጣ ልጅ የታተመ ካርታም ኪሳራ ነው።

ቺፑስ? ለልጆች ያለ ኪራይ ይሰጥ። እሱም ካልተቻለ፣ በመርፌ የምትበሳው የወረቀት ካርድ አለች። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እስኪስፋፋ ድረስ የዓለም ሻምፒዮናዎች ሳይቀሩ የተካሄዱት በእሷ ነው። በሰፈር ውድድር ላይ ለስምንት ዓመት ልጅ የሴኮንድ ልዩነት ምን ይሠራለታል? የኖርዌይ ስፖርት ኮንፌዴሬሽን የልጆች ደንብም ቢሆን የውጤት ሰንጠረዥን የሚፈቅደው ልጁ 11 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት ጀምሮ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በመልካም ልብ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «መክፈል የሚያስቸግራችሁ አነጋግሩን» የሚለው። ጸሐፊው እውነተኛ ርኅራኄ አለው፣ አልጠራጠርም። የእኛን ቤት ግን አያውቀውም። የእኛ እናት ለማታውቀው ሰው በማታውቀው ቋንቋ «የለኝም» ብላ ከምትጽፍ ልጇን «ዛሬ አንሄድም፣ ሥራ አለኝ» ብላ ብታስቀር ይቀላታል። ይሉኝታው ብቻ አይደለም፤ ልጁ «በነፃ የገባው» ተብሎ እንዳይታወቅበትም ትፈራለች። በልመና የሚገኝ ቅናሽ ለእሷ እንደሌለ ይቆጠራል። ዋጋው ከመጀመሪያው ለሁሉም ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ማንም ስለ ማንም አይጠይቅም።

ዘግይቶ ለተመዘገበ የሚጨመረውም ክፍያ እንዲሁ ነው። ደንቡ ለአዋቂ ሯጭ ተገቢ ነው፤ አዘጋጁ ስንት ካርታ እንደሚያትም ቀድሞ ማወቅ አለበት። ነገር ግን በአረጋውያን መጦሪያ፣ በአውቶቡስ ወይም በጽዳት ሥራ በፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ቅዳሜ ነፃ መሆኑን የሚያውቀው አንዳንዴ ሐሙስ ማታ ነው። ቅጣቱ የሚያርፈው በቸልተኛው ላይ ሳይሆን የራሱን ጊዜ በማያዝዘው ላይ ነው። ከ12 ዓመት በታች ላሉት ይህ ጭማሪ ይቅር፤ አዘጋጁም ለልጆቹ አጭር መንገድ አሥር ያህል ካርታ አስተርፎ ያትም።

ክለቦች የሚያገኙት ገንዘብ ከመግቢያ ብቻ አይደለም። ከመንግሥት ሎተሪ ትርፍ ለልጆችና ለወጣቶች ስፖርት የሚመደብ ድጎማ አለ፤ ሎተሪ የሚቆርጥ ሰውም ከሚያወጣው ላይ ድርሻ ለመረጠው ክለብ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። ይህ ገንዘብ ለአዲስ ድንኳን ይዋል ወይስ ለልጆች መግቢያ ማርከሻ የሚወስነው የክለቡ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ በዚያ ዓመት ቢያንስ 15 ዓመት የሚሞላው አባል ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁ አባል ስለሆነ ብቻ እናንተ ድምፅ አይኖራችሁም፤ ራሳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ልጆቻችሁን ያስመዘገባችሁ ወላጆች፣ ከሚቀጥለው ጉባኤ አስቀድማችሁ አባል ሁኑና የልጆች መግቢያ ዋጋ በአጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ ጠይቁ። ኖርዌጂያንኛችሁ ቢሰባበርም ግድ የለም፣ ሁለት መስመር ይበቃል።