አሮጌ መሳቢያ አይጣል

የአሮጌው ቡፌ ወይም ኮመዲኖ እግር ሲሰበር ብዙዎቻችን ፈልጠን ለማገዶ እናውለዋለን። መሳቢያዎቹ ግን ገና ያገለግላሉ። በቅድሚያ ትኋን እንዳይኖርባቸው ስንጥቃቸው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰን ፀሐይ ላይ እናድርቃቸው። ጥልቁ መሳቢያ አልጋ ሥር ገብቶ የልጆችን ጫማ ይይዛል። ጠባቡ ግድግዳ ላይ በብሎን ሲታሰር የደብተር መደርደሪያ ይሆናል። ቀለም ያልነካው ሥሩ ተበስቶ አፈር ቢሞላ ጤና አዳምና በሶብላ ያበቅላል።

እናቶች፣ አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለ መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲፋቅ የሚቦነው ብናኝ፣ እንጨቱ ሲነድም የሚወጣው ጢስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሙ የተላጠውን አንፋቀው፣ አናንድደው፤ ከልጆች እናርቀው። የምንቆጥበው ለእነርሱ ነውና በጤናቸው አንቆጥብ።