ስለ ብርማው ፕላስተርና ስለ ቤት ዕቃ ጥገና



ቀዳዳ መድፈንና ስንጥቅ መጠገን እንደ ትንሽ ሥራ ተቆጥሮ የሚናቅ ቢሆንም፥ በቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ እንኳ ስፍራ ያለው ነገር ነው። የሙሴ እናት ሕፃኗን ከፈርዖን ክፉ ትእዛዝ ለማዳን ባሰበች ጊዜ፥ ከደንገል የተሠራውን ሣጥን በዝፍትና በቅጥራን መርጋ በወንዙ ዳር እንዳኖረችው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 ተጽፎ እናገኛለን። ያች እናት በእጇ በነበረው ነገር ቀዳዳውን ባትደፍን ኖሮ፥ ሣጥኑ ውሃ ገብቶት በሰጠመ ነበር። እንግዲህ ጥገና ዕቃን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም የሚጠብቅበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የእኛም አባቶችና እናቶች የተሰበረውን ሁሉ ቶሎ የሚጥሉ አልነበሩም። የመሣሪያ እጀታ በተሰነጠቀ ጊዜ ገበሬው እርጥብ ጠፍር አጥብቆ ይጠመጥምበታል፤ ጠፍሩም በደረቀ መጠን እየተኮማተረ ስንጥቁን አንቆ ይይዘዋል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው ምራንም ከቆዳ የተሠራ ነው። የተሰነጠቀ ቅል በወስፌ እየተበሳ ይሰፋል፤ ብራና የሚፍቁ ሊቃውንትም ቆዳው ሲቀደድ በጅማት ይሰፉታል። ዛሬ ግን በከተማ ቤት ውስጥ ጠፍር የለም፤ በእርሱ ፈንታ በሱቅ ሁሉ የሚሸጥ፥ ሰፊና ጠንካራ፥ መልኩ ብር የመሰለ ፕላስተር አለ። በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ፕላስተር፥ ይኸውም የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚጎዳ እንነጋገራለን።

ይህ ፕላስተር ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በሦስት ንጣፍ የተሠራ ነው። ከላይ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ አለ፤ ከመካከል እንደ ወንፊት የሳሳ የጨርቅ ድር አለ፤ ከታች ደግሞ ከጎማ የተዘጋጀ ወፍራም ማጣበቂያ አለ። ጥንካሬው ከመካከለኛው ድር የሚመጣ ነው። አንዱ ክር ብቻውን በጣት ይበጠሳል፤ ሲተባበር ግን ከባድ ነገር ይይዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አበው ይህን ቢያዩ ምሳሌያቸው በገበያ ሲሸጥ ባገኙት ነበር።

ታሪኩም ከአንዲት እናት ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ አገር፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ወይዘሮ ቬስታ ስታውት የተባሉ ሴት በጥይት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግሉ ነበር። በፋብሪካው የጥይት ሣጥኖች በቀጭን የወረቀት ፕላስተር ይታሸጉና ውሃ እንዳያገኛቸው በሰም ይነከሩ ነበር፤ ነገር ግን ለመክፈቻ የተተወው የወረቀት ጫፍ ደካማ ስለ ነበረ ሲስቡት ይቀደድ ነበር። እኒህ እናት በተኩስ መካከል ሣጥን ለመክፈት የሚታገለውን ወታደር በዓይነ ኅሊናቸው ተመለከቱ። በወረቀቱ ፈንታ ውሃ የማያስገባ ጠንካራ የጨርቅ ፕላስተር ይደረግ ብለው ቢያመለክቱ፥ ሐሳቡን መልካም ነው ያላቸው እንጂ የፈጸመላቸው አልተገኘም። እርሳቸው ግን ዝም አላሉም። የካቲት 3 ቀን 1935 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነገሩን በሥዕል ጭምር አስረድተው ደብዳቤ ጻፉ። ፕሬዚዳንቱም ደብዳቤውን ለጦርነቱ ምርት ኃላፊዎች አስተላለፉት፤ ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለውም ኩባንያ ፕላስተሩን ይሠራ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላም ወደ ቤት ሥራ ገብቶ ብርማውን መልክ ያዘ።

ይህ ፕላስተር ስሙን ያገነነበት ሌላም ታሪክ አለው። በሚያዝያ ወር 1962 ዓ.ም. አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ስትጓዝ የኦክሲጅን ጋኗ ፈነዳ። ሦስቱ ጠፈርተኞች ለሁለት ሰዎች በተሠራችው በጨረቃ ማረፊያይቱ ክፍል ተጠልለው ወደ ምድር ይመለሱ ጀመር። ከትንፋሻቸው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ሕይወታቸውን ሊያጠፋ ተቃረበ። ትርፍ የነበሩት የአየር ማጣሪያ ሣጥኖች አራት ማዕዘን ሲሆኑ፥ የማረፊያይቱ ክፍል መቀበያ ክብ ስለ ነበረ አልገጠመም። በሂዩስተን ያሉት መሐንዲሶችም በመንኮራኩሯ ውስጥ በተገኘው ነገር ብቻ፥ ማለት በፕላስቲክ ከረጢት፥ በካርቶን፥ በልብስ ቱቦና በዚሁ ፕላስተር መላ ፈጠሩ፤ አሠራሩንም በሬዲዮ እየነገሩ አሠሯቸው። ሚያዝያ 9 ቀን ሦስቱም በደኅና ወደ ምድር ተመለሱ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ብርቱ ነገር እንማራለን። ያ ጥገና ሰዎቹን ወደ ቤታቸው ለማድረስ የተሠራ እንጂ ለዘለዓለም እንዲኖር የታሰበ አልነበረም። የዚህ ፕላስተር ሕጉም ይኸው ነው። እውነተኛው ጥገና እስኪደረግ ድረስ ያቆያል፤ እውነተኛውን ጥገና ግን አይተካም።

አሁን ወደ ቤታችን ሥራ እንመለስ። ፕላስተር በአቧራ፥ በቅባትና በእርጥበት ላይ አይያዝም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚለጠፍበትን ስፍራ በሳሙና አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቁራጩ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ጣት ያህል ይለፍ። ማዕዘኑን በመቀስ ክብ ማድረግ መልካም ነው፤ ሹል ማዕዘን ልብስና እጅ እየነካው ቶሎ ይነሣልና። ከመካከል ወደ ዳር በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ የሚቻል ከሆነ ከውስጥም ከውጭም ይለጠፍ። ጥቅሉን ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጡ፤ ፀሐይ ማጣበቂያውን ያደርቀዋል፥ ላስቲኩንም ይሰነጥቀዋል። በሚላጥበት ጊዜ በዕቃው ላይ የሚቀረውን ሙጫ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብቶ ቆይቶ በጨርቅ ማሸት ያስለቅቀዋል።

የሚጠቅምባቸውም ነገሮች ብዙ ናቸው። የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲተረተር፥ የዝናብ ካፖርት ሲቀደድ፥ የሻንጣ ጥግ ሲፈርስ፥ የመጥረጊያ እጀታ ሲሰነጠቅ ወዲያው ቢለጠፍ ዕቃው ብዙ ጊዜ ያገለግላል። የተሰነጠቀ ጀሪካን በዚህ ዓይነት ተጠግኖ እህል ወይም አመድ ሊይዝ ይችላል፤ የሚጠጣ ውሃ ግን አይቀመጥበት፤ ስንጥቅ እድፍ ይይዛል፥ ማጣበቂያውም ለምግብ ዕቃ የተሠራ አይደለም። የመስኮት መስተዋት ሲሰነጠቅ ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ በመስቀል አምሳል ቢለጠፍበት ስብርባሪው በሕፃናት ላይ አይወድቅም። በክረምት ቆርቆሮ ሲያፈስስም ዝናቡ ባቆመበትና ጣራው በደረቀበት ሰዓት ከላይ ቢለጠፍ ለጥቂት ሳምንት ያቆያል። ይሁን እንጂ «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለው፥ ፀሐይ ሳያልሰው ቆርቆሮ ሠሪውን መጥራት ይገባል።

ቀጥሎ የምንናገረውን ግን የቤቱ አባ ወራና እመቤት በተለይ ልብ ብለው ያንብቡልን፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነውና።

አንደኛ፥ የጋዝ ቱቦ በፕላስተር አይጠገንም። ቱቦው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጋዙ በማጣበቂያው ሥር እየሾለከ ይወጣል፤ ፕላስተሩ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ጋዙን አያግድም። ጋዝ የሸተተ እንደ ሆነ እሳት አትጫሩ፥ የመብራት ማብሪያም አትንኩ፤ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ በርና መስኮት ክፈቱ። ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ቱቦውን የሳሙና አረፋ ቢቀቡት የሚሾልክበት ስፍራ አረፋ እየነፋ ይታያል። ያ ቱቦ ተጥሎ በአዲስ ይለወጥ።

ሁለተኛ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዚህ ፕላስተር አይጠቀለልም። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ያህል ኃይል ይስባል፤ በ220 ቮልት መስመር ይህ ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ኃይል በተላላጠ ሽቦ ሲያልፍ ሽቦውን ያግለዋል፤ ሙጫው ይቀልጣል፥ ላስቲኩም ሊቀጣጠል ይችላል። ለሽቦ ተብሎ የተሠራ ሌላ ፕላስተር አለ፤ የምጣድ ሽቦ ግን ተላልጦ ከተገኘ መጠቅለል ሳይሆን በባለሙያ መለወጥ ይገባዋል። ይህ ፕላስተር ከሙቀት ጋር እንደማይስማማ በምርመራም ታይቷል። በፈረንጅ አገር ስሙ የተሰየመው በአየር ቱቦ ሲሆን፥ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ በ1990 ዓ.ም. ልዩ ልዩ ማሸጊያዎችን በሙቀት ሲፈትን፥ ከሁሉ ቀድሞ የከዳው ይኸው ፕላስተር ሆኖ ተገኝቷል።

ሦስተኛ፥ ሰው የሚቀመጥበት ወይም የሚወጣበት ነገር በፕላስተር አይታመንም። የተሰበረ የወንበር እግር ወይም የመሰላል ደረጃ ተጠቅልሎ ደኅና መስሎ ይታያል፤ በአረጋዊ እንግዳ ሥር ግን ይከዳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ አናጢ እስኪሄድ ድረስ ከሰው መንገድ ይወገድ። በሕፃን ቁስል ላይም ይህን ፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ ንጹሕ ስላልሆነ ቁስሉን ያመረቅዛል፥ ሲነሣም ቆዳ ይገፍፋል።

አራተኛው ነገር በብዙ ክርስቲያን ቤት የሚገኘውን ርስት የሚመለከት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የብራና ዳዊት ወይም ሌላ የጸሎት መጽሐፍ በማኅደሩ ውስጥ ያለባችሁ ቤተ ሰቦች ትኖራላችሁ። ቅጠሉ ሲቀደድ ወይም ከጥራዙ ሲለቅ በበጎ ሐሳብ ፕላስተር የሚለጥፉበት ሰዎች አሉ። ይህ ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ሙጫው ቀስ በቀስ ወደ ብራናው ገብቶ ያጠቁረዋል፤ በሚነሣም ጊዜ ቀለሙን ነቅሎ ይሄዳል። አንድ ጸሐፊ ብርዑን እየቀረጸ ብዙ ወራት የደከመበት ፊደል በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ደግሞም ብራና ሕይወት የነበረው ቆዳ ስለ ሆነ በእርጥበትና በድርቀት ይዘረጋል ይኮማተራል፤ ፕላስተሩ ግን አብሮት አይንቀሳቀስምና ዳር ዳሩን ይቀድደዋል። በግልጽ የሚለጠፈውም ቀጭኑ ፕላስተር ቢሆን ከዚህ ጉዳት ነጻ አይደለም። ስለዚህ የተለየውን ቅጠል በስፍራው አኑራችሁ፥ መጽሐፉን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፥ ከጢስና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት፤ የብራና ጠባይ የሚያውቅ ጠራዥም ሲገኝ እርሱ ይስፋው። መቶና ሁለት መቶ ዓመት የኖረ መጽሐፍ ጥቂት ወራት ባለሙያ ቢጠብቅ አይጎዳም።

ጌታችን በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ ስለሚጥፍ ሰው የተናገረውን ምሳሌ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ታውቁታላችሁ። የማይስማማ እራፊ ቀዳዳውን የባሰ ያደርገዋል። የምሳሌው ምስጢር ከቤት ዕቃ እጅግ የላቀ ነው፤ ሆኖም ለኑሮአችንም ትምህርት ይሰጠናል። በቤተ ሰብ መካከል ቅያሜ በተፈጠረ ጊዜ በስጦታና በሳቅ ሸፍነን ዓመት ከዓመት የምናሳድረው ስንት ነው? ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን እንደ ጋዙ ቱቦ ይሾልካል። ለጊዜው ቁጣን ማብረድና ዝም ማለት መልካም ነው፤ ፕላስተሩም ጥቅሙ ይኸው ነውና። ከዚያ በኋላ ግን ይቅር መባባል፥ አስፈላጊም ሲሆን ወደ ንስሐ አባት መቅረብ የተገባ ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በቤታችሁ ፕላስተር በለጠፋችሁ ቁጥር ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ወር አልፎ ጽሕፈቱ እዚያው የታየ እንደ ሆነ፥ እውነተኛው ጥገና ገና እንዳልተሠራ ያስታውሳችኋል።

ቸሩ አምላክ ቤታችሁን ከእሳትና ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅልን።