ስም የሚገለብጥ ሶፍትዌር አትረከቡ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን በግድየለሽ ኮድ ምክንያት ይገለበጣል።

አንድ የምዝገባ ፋይል በየመስመሩ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክና ወረዳ ይዟል እንበል። በሩቢ ቋንቋ የሚሠራው ፕሮግራመር መስመሩን በኮማ ይከፋፍልና ስድስቱን መረጃ ለመዝጋቢው ሜተድ በተርታ ያቀብላል። የትኛው ምን እንደሆነ የሚታወቀው በቆመበት ተራ ብቻ ነው። ነገ ፋይሉን የሚያዘጋጀው ቢሮ የአባት ስምን ቢያስቀድም "አበበ ከበደ" "ከበደ አበበ" ይሆናል። ሩቢ ምንም አይልም፤ ለእሱ ሁለቱም ተራ ጽሑፍ ናቸው። ስሕተቱን የሚያገኘው ባለጉዳዩ ነው፤ ያውም ባንክ መስኮት ላይ ወይም ፓስፖርት ሊያወጣ ሲሄድ። ማስረጃ ተሸክሞ የሚመላለሰውም እሱ ነው።

ይህን "የመረጃ አስገቢው ጥፋት" ብሎ ማለፍ አይቻልም። መፍትሔው ከመጣ ቆይቷል። ሩቢ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ለሜተድ የሚሰጠውን መረጃ ከነስሙ ማስተላለፍ ተቻለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው 2.1 ስሙን አስገዳጅ ማድረግን ፈቀደ፤ የጎደለ ካለ ፕሮግራሙ እዚያው ስሕተት ብሎ ይቆማል። በ2022 የወጣው 3.2 ደግሞ "ዳታ" የተባለ መዝገብ አመጣ፤ ስድስቱን መረጃ ከነስማቸው በአንድ ያስራል፣ ከታሰሩ በኋላም አንዱን በሌላ መተካት አይፈቅድም። ከሜተድ ወደ ሜተድ የሚያልፈው እንግዲህ አንድ መዝገብ ብቻ ነው።

አንዳንዱ "ሁሉንም በሃሽ ጠቅልሎ መስጠት ይበቃል" ይላል። አይበቃም። ከሃሽ ውስጥ የሌለ ስም በተለመደው መንገድ ሲጠየቅ ሩቢ ባዶ ይመልሳል፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳት የአባት ስም በዝምታ ይቀራል። ያንኑ ሃሽ ስም ለሚጠይቅ ሜተድ በሁለት ኮከብ ምልክት ዘርግቶ ቢሰጥ ግን ያልታወቀ ስም ሲመጣ ሥራው ይቆማል።

ስያሜውም ከፋይሉ የርዕስ መስመር ይወሰድ። በተራ ቆጥሮ ካነበቡ በኋላ ስም መለጠፍ ስሕተቱ ላይ ማኅተም መምታት ነው። የትውልድ ቀንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ስሙ ይናገር፤ በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ።

"ኮዱ ይረዝማል" የሚለው ሰበብ ውኃ አያነሳም። ጥቂት መስመር የሚጨምረው ፕሮግራመሩ ነው፤ ወራት የሚያጣው ዜጋው።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚረከብ ቢሮ ሁሉ አንድ ፈተና ያድርግ። ሠሪው ባለበት የሁለት ዓምዶችን ቦታ ከነርዕሳቸው ይቀያይር። ሲስተሙ ወይ በትክክል ይመዝግብ፣ ወይ ይቁም። አገላብጦ ከመዘገበ ክፍያው ይያዝ።