ሳዑዲ ያገደችውን አኒሜ ዛሬ ለምን ትገዛዋለች? ጉዳዩስ እኛን ለምን ይነካናል?

በ2001 ሳዑዲ አረቢያ ፖኬሞንን አገደች። የሃይማኖት ባለሥልጣናቷ "ቁማር ያለማምዳል፣ ምልክቶቹም የጽዮናውያን ናቸው" ብለው ፈትዋ አወጡ። ጨዋታውም ካርዱም ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ።

በ2024 ያችው ሳዑዲ አረቢያ ሪያድ አጠገብ በምትገነባው ቂዲያ ከተማ በዓለም የመጀመሪያውን የድራጎን ቦል መዝናኛ ፓርክ ልሠራ ነው አለች። ስፋቱ ከ500 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ፣ መጫወቻዎቹ ከ30 በላይ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ 70 ሜትር የሚረዝም ዘንዶ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ23 ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ?

አጭሩ መልስ፦ ያኔ ካርዱ የተከለከለባቸው ልጆች አደጉ። ረጅሙ መልስ ግን ስለ ጦርነት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሥልጣን ነው። መጨረሻው ደግሞ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። አክሱም ድረስ!

ትልቁ ማዕበል የተነሳው ከቤይሩት ነው

የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1975 እስከ 1990 የቆየ ነው። በዚያው ጦርነት መሃል የቤይሩት ባለሙያዎች ስቱዲዮ ገብተው ግሬንዳይዘር የተባለውን የጃፓን የሮቦት ካርቱን ወደ አረብኛ መለሱት። የዋናውን ገጸ ባህሪ ድምጽ ጂሃድ አል አጥራሽ ተጫወተው፤ መክፈቻ ዘፈኑን ሳሚ ክላርክ ዘፈነው። ዛሬ 50 ዓመት ያለፈው አረብ ፊት ያን ዘፈን ክፈቱለትና ፊቱን እዩት።

ታሪኩ ምንድነው? ፕላኔቱ በወራሪ የወደመችበት ልዑል ሸሽቶ ምድር ላይ ይጠለላል። ያው ጠላት ምድርንም ሊይዝ ሲመጣ ሁለተኛ አገሩን ለማዳን ይነሳል። ውጭ ተኩስ እየሰማ ቤት ለተዘጋበት የሊባኖስ ልጅ፣ መጠለያ ካምፕ ለተወለደ ፍልስጤማዊ ልጅ ይሄ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ታሪክ አይደለም።

ታዲያ ለምን የጃፓን? ሦስት ምክንያት አለው።

አንደኛ ዋጋ። የጃፓን ስቱዲዮዎች ወጪያቸውን አገር ቤት ስለሚሸፍኑ ለውጭ ገበያ በርካሽ ይሸጡ ነበር።

ሁለተኛ ቋንቋ። ካርቱኑ የሚተረጎመው በየአገሩ መንደር አረብኛ ሳይሆን ትምህርት ቤትና ዜና ላይ ባለው ፉስሓ ነው። አንዴ የተቀዳ ድምጽ ከሞሮኮ እስከ ኦማን ይሸጣል። የአረብ ሊግ አባላት 22 ናቸው፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ሦስተኛ ታሪክ። እንግሊዝና ፈረንሳይ አረብ አገሮችን ገዝተዋል። የአሜሪካ ፖለቲካም እዚያ ሰፈር ብዙ ቂም አለበት። ጃፓን ግን በዚያ ምድር ቅኝ ገዢ ሆና አታውቅም። እንግዳዋ ንጹሕ እጅ ይዛ ገባች።

ጹባሳ "ማጂድ" ሆነ

በኳስ አኒሜ የሚታወቀው ካፕቴን ጹባሳ አረብ አገር ሲደርስ ስሙ ካፕቴን ማጂድ ሆነ። በቃ፣ የሰፈር ልጅ ሆነ። ስሙ የቱን ያህል እንደገባ ለማወቅ ኢራቅን ማየት ነው። ከ2004 ጀምሮ የጃፓን ወታደሮች በደቡብ ኢራቅ ሰማዋ ከተማ ሰፍረው ነበር። ውሃ በሚያከፋፍሉባቸው ቦቴዎች ላይ የለጠፉት የማጂድን ምስል ነው። ሕዝቡ "ይሄማ የኛው ልጅ ነው" እንዲል ማለት ነው። ካርቱን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥራ ሠራ።

በ2000 ደግሞ ስፔስቱን የተባለው የልጆች ቻናል መጣ። ትርጉሙ የሚሠራው ደማስቆ፣ ዙሀራ በሚባል ማዕከል ነበር። የጣሪቅ አል አረቢ ቱርጋን ዜማና የራሻ ሪዝቅ ድምጽ የአንድ ትውልድ መዝሙር ሆነ። ያኔ ሕፃን የነበሩ ሰዎች ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነው የካርቱን ዘፈን ኮንሰርት አዳራሽ ይሞላሉ።

መቀሱ ግን ከባድ ነበር። መሳሳም ይቆረጣል። አልኮል ጭማቂ ይሆናል። ፍቅረኛሞች በትርጉም ወንድምና እህት ተደርገው ያርፉታል። ልጁ የሚያየው ጃፓን የሠራውን ሳይሆን አረብ ወላጅ የፈቀደለትን ነው።

ይሄን የሰበረው ኢንተርኔት ነው። ወጣቶች ዋናውን ቅጂ አገኙ። በጎ ፈቃደኞች ራሳቸው የአረብኛ ጽሑፍ እየለጠፉ ማሰራጨት ጀመሩ። "ለካ እህቱ አይደለችም!" የሚለው ግኝት የአንድ ትውልድ የጋራ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ከቀልዱ ሥር ግን ቁም ነገር አለ። ትልልቆች እየቆረጡ እንደሚያሳዩት ያወቀ ልጅ፣ ሌላውንም ነገር እንደዚያው ተቆርጦ ይሆን ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መንግሥት ነገሩን አየው

በሳዑዲ የ2022 ቆጠራ መሠረት ከዜጎቹ 63 በመቶው ከ30 ዓመት በታች ናቸው። ከ35 ዓመት በላይ ሲኒማ ቤት ያልነበራት አገር በ2018 ሲኒማ ከፈተች። በ2019 ሪያድ ላይ የመጀመሪያው የሳዑዲ አኒሜ ኤክስፖ ተካሄደ። በ2021 ማንጋ አረቢያ የተባለ የኮሚክ አሳታሚ ተቋቋመ። በ2022 አልጋ ወራሹ ያቋቋሙት ሚስክ ፋውንዴሽን በኩባንያው በኩል ኤስኤንኬ የተባለውን የጃፓን የጌም ድርጅት 96 በመቶ ያዘ። ሪያድ ላይም ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም የግሬንዳይዘር ሐውልት ቆመ። በጦርነት ውስጥ የነበረ ልጅ ያለቀሰለት ሮቦት ዛሬ የመንግሥት ፌስቲቫል ማድመቂያ ነው።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ነዳጅ አንድ ቀን ያልቃል፤ ወጣቱ ግን ዛሬም ሥራና መዝናኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓርክ፣ ፊልም፣ ጌም ይሠራለታል። ፖለቲካ ውስጥ የመናገር ቦታ ግን በዚያው ልክ አልሰፋለትም። "ተዝናና፣ ሌላውን ለኛ ተወው" የሚል ስምምነት ይመስላል።

እዚህ ጋ የኛ ነገር ይመጣል

ያው ሚስክ ፋውንዴሽን ማንጋ ፕሮዳክሽንስ የሚባል ኩባንያ አለው። ይሄ ኩባንያ ከጃፓኑ ቶዬ አኒሜሽን ጋር ሆኖ በ2021 ዘ ጀርኒ የተባለ ሙሉ ፊልም አወጣ። ታሪኩ መካን በዝሆን ከታጀበ ጦር ስለማዳን ነው። የወራሪው ጦር መሪ ማነው? አብርሃ።

አዎ፣ የኛው አብርሃ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሂምያርን፣ የዛሬዋን የመን ያዙ። በኋላ አብርሃ የካሌብን ሹም ገልብጦ ራሱ ገዢ ሆነ። የማሪብን ግድብ እንዳሳደሰ በድንጋይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ዛሬም አለ። ሰንዓ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራ ይነገራል።

ልብ በሉ፦ የዝሆኑ ዘመቻ በቁርኣን ሱረቱል ፊል ላይ ያለ፣ እዚህም አገር ሚሊዮኖች ከልጅነታቸው የሚያውቁት የእምነት ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እሱ ላይ አይደለም። ደግሞም እውነት ለመናገር የአክሱም ጦር ባሕር ተሻግሮ የሄደው ለጉብኝት አልነበረም።

ጥያቄው ሌላ ነው። አብርሃ ማለት አንድ ዘመቻ ብቻ አይደለም። ግድብ ያሠራ፣ ንጉሡን የከዳ፣ በሁለት ባሕል መሃል የኖረ ውስብስብ ሰው ነው። ፊልሙን ያየ የሪያድ ወይም የቶኪዮ ልጅ ግን የሚያውቀው አንዱን አብርሃ ብቻ ነው፤ ዝሆን ይዞ የመጣውን። ሌላው አብርሃ እስካሁን ሰዓሊ አላገኘም። ሳዑዲ የራሷን ታሪክ በራሷ በኩል ስላሳየች አትወቀስም። ገንዘብ አወጣች፣ ባለሙያ ላከች፣ ሠራች። የኛ ወገን ወንበር ግን ባዶ ነበር።

ባንዲራውን ያነሱት ደግሞ ሌሎች ናቸው

መንግሥታት አኒሜን የገዙ መስሏቸው ይሆናል። በመስከረም 2025 ማብቂያ ላይ ሞሮኮ ውስጥ ጄንዚ 212 በሚል ስም ዲስኮርድ ላይ የተደራጁ ወጣቶች አደባባይ ወጡ። አጋዲር በሚገኝ ሆስፒታል ለመውለድ የገቡ 8 ሴቶች መሞታቸው ቁጣውን አቀጣጥሎት ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ለ2030 የዓለም ዋንጫ ስታዲየም የሚሆን ገንዘብ ካለ፣ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ለምን የለም? በግጭቱ የሰው ሕይወት ጠፋ። መንግሥትም በኋላ የጤናና የትምህርት በጀት እጨምራለሁ አለ።

በሰልፎቹ ላይ ከታዩት ባንዲራዎች አንዱ ገለባ ባርኔጣ ያደረገው የራስ ቅል ነው፤ የዋን ፒስ ባንዲራ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያና ኔፓልም ላይ ታይቷል። ከ1997 ጀምሮ እየታተመ ያለው ዋን ፒስ፣ የበሰበሰ የዓለም መንግሥትን ስለሚጋፈጡ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ነው። ባንዲራው የፓርቲ አይደለም፣ የብሔር አይደለም፣ የሃይማኖትም አይደለም። አማዚግም አረብም ይይዘዋል። ፖሊስ "የማነው?" ቢል መልሱ "የካርቱን" ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሪያድ ላይ አኒሜ ወጣቱን ማስደሰቻ ነው፤ ራባት ላይ ወጣቱ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ሐውልቱን መግዛት ይቻላል፤ ልጁ ከታሪኩ የወሰደውን ትርጉም ግን መግዛት ይከብዳል።

እኛስ?

በ2000ዎቹ ብዙ የከተማ ቤት ዲሹ ወደ አረብሳትና ናይልሳት የዞረ ነበር። ኤምቢሲ 3 ላይ አረብኛው ሳይገባን ካርቱን ያየን ብዙ ነን። ማለትም የነሱ ትውልድ ያየውን እኛም በመስኮት አይተናል፤ ልዩነቱ ማንም ወደ ቋንቋችን አልመለሰልንም።

ቃና ቲቪ በ2016 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምጽ ይዞ ሲመጣ "የአገር ውስጥ ፊልም ይገድላል" የሚል ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። የአረቦቹ መንገድ ግን አንድ ነገር ያሳያል። መጀመሪያ ተረጎሙ። መተርጎሙ የድምጽ ተዋናይ፣ ዜማ ደራሲና ስቱዲዮ ወለደ። ትርጉሙን እያየ ያደገ ልጅ ደግሞ ዛሬ ካሜራና እርሳስ ይዞ ራሱ እየሠራ ነው። ከቤይሩት ስቱዲዮ እስከ ዘ ጀርኒ 40 ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ በመሃሉም የነዳጅ ገንዘብ ገብቶበታል። እኛ ያ ገንዘብ የለንም። ስልክ ላይ የሚስሉ፣ ቴሌግራም ላይ ሥራቸውን የሚለጥፉ ልጆች ግን አሉን። የጎደለው የሚከፍላቸው ሰው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ልጅ ደብተሩ ጀርባ ላይ ሉፊን ሲስል ብታዩ "ጊዜህን አታባክን" ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ አብርሃን ብትስለው ምን ታስመስለዋለህ?

እናንተስ? በአማርኛ ድምጽ ቢሠራ መጀመሪያ ማየት የምትፈልጉት አኒሜ የቱ ነው? ከታሪካችንስ የማን ሕይወት ይሣል ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ እንገናኝ።