በልጆች እጅ ስላለው የአስማት ሰርከስ ታሪክ

ወላጅ ልጁ የሚያነበውን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን ማወቅ ማለት ሽፋኑን ብቻ አይቶ መፍረድ አይደለም። በሴቻ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ሌሊት ሌሊት በስልኩ የሚያነበው አስማተኞችና ደም መጣጮች የሞሉበት የሰርከስ ታሪክ መሆኑን ደርሰውበት፥ ስልኩን ይንጠቁት ወይስ ዝም ይበሉ ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ዐምድ ማቅረብን ወደድን።

ታሪኩ ዳረን ሻን በሚል የብዕር ስም የታወቀው የአየርላንድ ደራሲ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ2000 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ በ12 መጻሕፍት ያወጣው ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ልጅ ከወላጆቹ ተደብቆ ከጓደኛው ጋር በሌሊት ወደ አንድ እንግዳ ሰርከስ ይሄዳል፤ በኋላም የአንዱን ትርኢተኛ መርዘኛ ሸረሪት ይሰርቃል። ሸረሪቷ ጓደኛውን በነደፈች ጊዜ፥ ማርከሻውን ለማግኘት ሲል ለባለ ሸረሪቱ ለደም መጣጩ አገልጋይ ሊሆን ይስማማል። እኩሌታ ደም መጣጭ ሆኖ፥ የሞተ መስሎ ተቀብሮ፥ እናትና አባቱን፥ እኅቱንም ትቶ ይሰደዳል።

ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን ትከለክላለች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 እንደምናገኘው፥ በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች ዋጋቸው 50,000 ብር የሆነውን የአስማት መጻሕፍት በሕዝብ ፊት አቃጥለዋል። ነገር ግን እነዚያ አስማት የሚሠራባቸው መጻሕፍት ነበሩ እንጂ ተረት አልነበሩም። የጅብና የጭራቅ ተረት በምድጃ ዳር እየሰማን ያደግን እኛ ይህ ልዩነት አይጠፋንም። ድንቅ ነገርን መውደድም ኀጢአት አይደለም፤ ከሴቻ ቁልቁል አባያንና ጫሞን፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ከፍታ እያየ ለሚያድግ ልጅ መደነቅ ተፈጥሮው ነው።

የሚያሠጋው ሌላ ነው። ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ እንደ ፈለገ፥ ልጁም ኃይል ያለ ድካም ይገኛል ብሎ ቢያምን ታሪኩ ጎድቶታል። ስርቆት ቤትን እንደሚያሳጣ ቢያስተውልበት ግን ጠቅሞታል።

እውነተኛው ሰርከስ ይህን ለማስረዳት ይረዳል። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ በልዩ ልዩ ከተሞች ሰርከሶች ተነሥተዋል። በጅማ ያደጉት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹም ሰርከስ አቢሲኒያ የተባለውን ቡድናቸውን ይዘው በ2017 በኤድንበርግ ታይተዋል። በዚያ መድረክ አስማት የለም፤ መውደቅና መነሣት፥ የዓመታትም ልምምድ አለ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከመንጠቅ አስቀድማችሁ አብራችሁ አንብቡ። «ይህ ልጅ መጀመሪያ የሳተው የት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሌሊቱ የጸሎትና የእንቅልፍ ነውና ስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደር። ልጁ በፍርሀት እንቅልፍ ካጣ መጽሐፉ እስኪጎለምስ ይቈየው፤ አስማትን ልሞክር ማለት ከጀመረ ግን ወደ ንስሓ አባታችሁ ውሰዱት።

በታሪኩ ያለው ልጅ ጥፋቱ ሁሉ የጀመረው ከወላጆቹ ከተደበቀበት ሰዓት ነው። እኛም በቍጣችን ልጆቻችንን መደበቅ ብናስተምራቸው፥ የፈራነውን በር የከፈትነው እኛው ነን።